የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን የሚያቅድና በጀት የሚያፈላልግ የአካባቢ ኮሚሽን እንዴት ይቋቋማል? ለጎጃም ከተሞችና ወረዳዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በጎጃም ከተሞች ቤተ መጻሕፍት እንክፈት ብሎ የሚነሣ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። አዲስ አበባና ውጭ አገር ያሉ ተወላጆች መጽሐፍ ያሰባስባሉ፣ ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ክፍል ይፈቅዳል፣ ሪባን ተቆርጦ ዳቦ ይቆረሳል። ችግሩ የሚጀምረው በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ነው፤ የሠራተኛው ደመወዝ ከየትኛው በጀት እንደሚከፈል፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ ማን እንደሚያስጠግን፣ አዲስ መጽሐፍ በምን ገንዘብ እንደሚገዛ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ አካል አይገኝም።

ከዓመታት በፊት በአባልነት ባገለገልሁበት አንድ የከተማ ኮሚቴ ውስጥ ይህንኑ በዓይኔ አይቻለሁ። መጽሐፍ ለማሰባሰብ በተጠራው የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ አንድ የዕድር ዳኛ እጃቸውን አውጥተው፣ «ልጆቼ፣ መጽሐፉንስ ሰው ይሰጣችኋል፤ ቁልፉ ከማን እጅ ነው የሚያድረው?» ብለው ጠየቁ። እኛም «ጋሼ፣ እሱን በኋላ እንነጋገርበታለን» ብለን አለፍነው። ቁልፉ በጸሐፊያችን እጅ አደረ፤ ጸሐፊው በሚያዝያ ወር ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ፤ ክረምቱም ገባ። በመስከረም በሩን በብረት ቆራጭ አስከፍተን ስንገባ በታችኛው መደርደሪያ ላይ ያሉት መጻሕፍት ሲታዩ ደኅና ይመስሉ ነበር። አንዱን ሳነሣው ግን ሽፋኑ ብቻ እጄ ላይ ቀረ፤ ውስጡን ምስጥ አፈር አድርጎታል። ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ አልፈረሰም፣ ዝም ብሎ ቀረ።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚያተኩረው ከመጽሐፉ በፊት መቅደም ባለበት አካል ላይ ነው።

ሕጋዊ መሠረቱን ማስያዝ

የመጀመሪያው ሥራ ኮሚሽኑን ማን እንዳቋቋመውና ለማን ተጠሪ እንደሆነ በጽሑፍ ማስፈር ነው። በእኛ አገር አነጋገር «ኮሚሽን» ሲባል ብዙ ጊዜ በአዋጅ የቆመ ትልቅ መሥሪያ ቤት ስለሚታሰብ፣ ስሙ የሚያስፈራ ከሆነ «የቤተ መጻሕፍት ቦርድ» ቢባል ምንም አይጎድልበትም። «ኮሚቴ» የሚለውን ስም ግን አልመክርም፤ ኮሚቴ የሚባለው ነገር ለአንድ በዓል ተቋቁሞ ከበዓሉ ጋር የሚበተን ነው ብሎ ሕዝቡ ከለመደው ቆይቷል።

ለአቋቋሙ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የወረዳው ወይም የከተማው ምክር ቤት በመደበኛ ጉባኤው በሚያሳልፈው ውሳኔ ነው። በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 59 የጸደቀው የተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ለወረዳ ምክር ቤቶች የአካባቢያቸውን የልማትና የማኅበራዊ አገልግሎት ዕቅድ የማጽደቅ ሥልጣን ስለሚሰጥ፣ ቤተ መጻሕፍትን የሚያቅድ አካል መሰየም ከምክር ቤቱ ሥልጣን የሚወጣ ጉዳይ አይደለም። ሁለተኛው መንገድ የነዋሪዎችና የተወላጆች ማኅበር ማቋቋም ነው። የፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን ድርጅቶች ስለሚመለከት፣ ሥራው በክልሉ ብቻ የሚወሰን ማኅበር ምዝገባውን መጠየቅ ያለበት ከክልሉ አግባብ ካለው አካል ነው።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ቢባል፣ ሁለቱንም ለየብቻ ማቆም ይሻላል እላለሁ። ዕቅዱንና በጀቱን የሚይዘው ኮሚሽን በምክር ቤት ውሳኔ ይቋቋም፤ መዋጮና ስጦታ የሚያሰባስበው «የቤተ መጻሕፍት ወዳጆች ማኅበር» ደግሞ ራሱን ችሎ ይመዝገብ። ማኅበሩ ብቻውን ከቆመ አስተዳደሩ «እናንተው ጀመራችሁት፣ እናንተው ጨርሱት» ብሎ እጁን ይሰበስባል። ኮሚሽኑ ብቻውን ከቆመም ተወላጁ ገንዘቡ ከመንግሥት ቋት ገብቶ ለሌላ ሥራ ይውልብኛል ብሎ ስለሚሰጋ ኪሱን አይፈታም።

ለምክር ቤቱ የሚቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ዓላማውን፣ የአባላቱን ቁጥርና የአገልግሎት ዘመን፣ ተጠሪነቱን፣ የኮሚሽኑን ሥልጣን፣ እንዲሁም ምክር ቤቱ በየዓመቱ ለቤተ መጻሕፍት ራሱን የቻለ የበጀት ርዕስ እንደሚይዝ የሚገልጽ አንድ አንቀጽ መያዝ አለበት። ይህች የመጨረሻዋ አንቀጽ በረቂቁ ላይ በተደጋጋሚ የምትሰረዘው ስለሆነች፣ ከጉባኤው በፊት አፈ ጉባኤውንና የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ ለየብቻ አነጋግሮ ማሳመን ያስፈልጋል። ለማስረጃ ያህል በዩኔስኮና በዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣውንና በ2022 እ.ኤ.አ. የታደሰውን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ መጥቀስ ይቻላል፤ መግለጫው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊነት የአካባቢና የማዕከላዊ መንግሥት መሆኑን፣ አገልግሎቱም በመርሕ ደረጃ በነጻ መሰጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍታችን ወመዘክርም በ1936 ዓ.ም. ተከፍቶ እስከ ዛሬ የቆየውና በአዋጅ ቁጥር 179/1991 እንደገና የተደራጀው መንግሥት በጀት ስለመደበለት ነው።

አባላትን መምረጥ

ሰባት ወይም ዘጠኝ ሰው ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም፤ ከዚያ በታች ከሆነ ሁለት ሰው ለቅሶ በሄደ ቀን ሥራው ይቆማል።

ከመንግሥት ወገን የገንዘብ፣ የባህልና ቱሪዝም እንዲሁም የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ተወካይ ያስፈልጋል። እነዚህ መቀመጫዎች የተሰጡት ለሹመቱ እንጂ ለግለሰቡ አለመሆኑ በደንቡ ይጻፍ፤ ኃላፊው ሲዛወር ተተኪው በዚያው ሳምንት ሥራውን ይረከባል። የተቀሩት መቀመጫዎች ከሕዝቡ ይሞሉ፦ የዕድሮች ኅብረት የሚወክለው ሰው፣ አንድ ነጋዴ፣ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ከሁለት የማያንሱ ሴቶች፣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ። ሰብሳቢው ከሕዝብ ተወካዮች መካከል ቢመረጥ እመርጣለሁ፤ ሹመኛ ሰብሳቢ በር ያስከፍታል፣ ነገር ግን ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ዞን ተጠርቶ ይሄዳል። የአገልግሎት ዘመኑ ሦስት ዓመት ሆኖ በየዓመቱ አንድ ሦስተኛው እንዲቀየር ማድረግ ይገባል። ለዚህም በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ማን አንድ፣ ማን ሁለት፣ ማን ሦስት ዓመት እንደሚያገለግል ዕጣ ይጣላል። አባላቱ በሙሉ በአንድ ቀን ከወጡ ያለፈውን ነገር የሚያውቅ ሰው አይቀርምና።

ባለሙያ ከሌለ ከደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳር ወይም ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ መጠየቅ ይቻላል። ዩኒቨርሲቲዎች የማኅበረሰብ አገልግሎት ግዴታ ስላለባቸው ለሥልጠናና ለካታሎግ ሥራ ባለሙያ መላክ አይከብዳቸውም። ጥያቄው ግን በቃል ሳይሆን በደብዳቤ፣ የሚፈለገው ሥራና ቀኑ ተለይቶ ይቅረብ።

ከዕቅዱ በፊት መቁጠር

ኮሚሽኑ እንደተቋቋመ ስለ ሕንፃ መነጋገር አይገባውም። በቅድሚያ ስድስት ሳምንት ያህል ወስዶ በከተማውና በአጎራባች ቀበሌዎች ስንት ትምህርት ቤት እንዳለ፣ የትኞቹ የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት እንዳላቸው፣ የወጣት ማዕከል ክፍል ስንት ቀን እንደሚከፈት፣ ለማንበብ የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ይመዝግብ። በገበያ ቀንም ይቆጠር፤ ከገጠር ቀበሌ የሚመጣ ሰው ቤተ መጻሕፍቱን ቢጠቀምበት በዚያ ቀን ነውና።

የምታገኙት ውጤት ምናልባት ያስገርማችኋል። በብዙ የሕዝብ ንባብ ክፍሎቻችን ወንበሩን የሚሞላው የራሱን ደብተር ይዞ የሚመጣ ተፈታኝ ተማሪ ነው። ቤቱ ጠባብ፣ ወንድምና እህት ብዙ፣ መብራት ያልተሟላ ስለሆነ ጸጥታ ፍለጋ ይመጣል። ይህን እንደ ጉድለት የሚያይ ባለሙያ አጋጥሞኛል፤ እኔ ግን የመጀመሪያው የበጀት ጥያቄ ከመጽሐፍ ይልቅ ወንበር፣ አምፖልና የምሽት ሰዓት ሠራተኛ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃ አድርጌ እወስደዋለሁ።

በዚህ ጥናት ላይ የአብነት ትምህርት ቤቶች እንዳይረሱ። በጎጃም ከዋሸራና ከዲማ ጀምሮ የቅኔ ቤት የሌለበት አቅጣጫ የለም፤ ተማሪው ግእዝን ከማንም በላይ ያውቃል፣ የግእዝ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ግን እንደልቡ አያገኝም። የኔታን አነጋግሮ ለተማሪዎቹ የሚሆኑ የታተሙ መጻሕፍትን ዝርዝር መያዝ ጥሩ ነው። የብራና መጻሕፍትን ግን ከአድባራት ዕቃ ቤት አውጥቶ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ማምጣት በፍጹም አይታሰብም። እነዚህ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቁ ቅርሶች ናቸው፤ ኮሚሽኑም ለጥበቃቸው የሚሆን ቤትና ባለሙያ የለውም። በቅን ልቡና ቢደረግ እንኳ ከደብሩ አስተዳደርና ከምእመናኑ ጋር የሚያስከትለው ጠብ ቤተ መጻሕፍቱን ያዘጋዋል።

በጀቱን ማስያዝ

የሥራው ማዕከል ይህ ነው።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። ብዙ ኮሚቴዎች የሚሳሳቱት ጥያቄያቸውን በሰኔ ይዘው በመሄዳቸው ነው፤ በዚያን ጊዜ የጽሕፈት ቤቶች የበጀት ጣሪያ ተሰጥቶ፣ ሠንጠረዡ ተሞልቶ አልቋል። ኮሚሽኑ ጥናቱን እስከ ጥር ጨርሶ፣ የወጪ ዝርዝሩን በየካቲት አዘጋጅቶ፣ በመጋቢት ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አስገብቶ፣ የገቢ ቁጥር አስመትቶ ቅጂውን መያዝ ይገባዋል።

ጥያቄው በሁለት ይከፈል። ግንባታ፣ መደርደሪያና የፀሐይ ኃይል መሣሪያ በካፒታል በጀት፣ ደመወዝ፣ ጽዳት፣ ጥበቃ፣ የመጽሐፍ ግዢና ጥገና ደግሞ በመደበኛ በጀት ይጠየቃሉ። የሹማምንት ዓይን የሚያርፈው በካፒታሉ ላይ ነው፤ የሚመረቅ ነገር አለውና። ኮሚሽኑ ግን ሙግቱን በመደበኛው ላይ ማድረግ አለበት። የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ስለሚውል አዲስ ሠራተኛ ለማስቀጠር ገንዘብ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የሥራ መደቡ አስቀድሞ በጽሕፈት ቤቱ መዋቅር ውስጥ መኖር አለበት። ስለዚህ ከገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ በፊት የሲቪል ሰርቪስ ጽሕፈት ቤቱን በር ማንኳኳት ያሻል። መደቡ እስኪፈቀድ ድረስ በኮንትራት ሠራተኛ መጀመር ይቻላል፣ ነገር ግን ኮንትራቱ ከሰኔ 30 የማያልፍ መሆኑን ሠራተኛውም ኮሚሽኑም ከመጀመሪያው ይወቁት።

የሕዝብ መዋጮን ከመንግሥት በጀት ጋር የማቆራኘት ዘዴ ከሌሎች አገሮች ልንማረው የምንችለው ነገር ነው። የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት በ1890 እ.ኤ.አ. አምስት አባላት ያሉት የቤተ መጻሕፍት ኮሚሽን ስታቋቁም፣ ቤተ መጻሕፍት ለሌለው ከተማ 100 ዶላር የሚያወጣ መጽሐፍ ትሰጥ ነበር፤ ከተማው ግን በቅድሚያ ባለአደራዎችን መምረጥና የራሱን ዓመታዊ ገንዘብ መመደብ ነበረበት። አንድሩ ካርኔጊ የተባለው ባለጸጋም ከ2,500 በላይ የቤተ መጻሕፍት ሕንፃዎችን ሲያሠራ፣ ከተማው ቦታውን እንዲያቀርብና ከሕንፃው ወጪ 10 በመቶ የሚሆን ገንዘብ በየዓመቱ ለአገልግሎቱ እንዲመድብ ያስገድድ ነበር። ይህን ወደ እኛ ብናመጣው፣ የወዳጆች ማኅበር በ2 ሚሊዮን ብር ሕንፃ ቢያሠራ አስተዳደሩ በየዓመቱ 200 ሺህ ብር በመደበኛ በጀት ለመያዝ አስቀድሞ ይፈርማል ማለት ነው። ፊርማው ሳይገኝ የመሠረት ድንጋይ አይቀመጥ። ከተማው ይህን ለመፈረም የማይችል ከሆነ ሕንፃው ከአቅሙ በላይ ነው ማለት ስለሆነ፣ ያለ አንድ ክፍል ጠግኖ መጀመር ይሻላል።

ከሕዝቡ ስለሚሰበሰበው ገንዘብ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አንደኛ፣ በዕድር በኩል የሚሰበሰብ መዋጮ በዕድርተኛው ጉባኤ ፈቃድ እንጂ በአስተዳደር ትእዛዝ መሆን የለበትም፤ ሰው በግዳጅ ያዋጣለትን ነገር እንደራሱ አያየውም። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ በማኅበሩ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ ከሦስት ፈራሚዎች ሁለቱ ሳይፈርሙ አይውጣ፤ ለ50 ብርም ቢሆን ተራ ቁጥር ያለው ሕጋዊ ደረሰኝ ይሰጥ። በዓይነት የሚመጣው ስጦታ ለመንግሥት ንብረት ክፍል ሲገባ በሞዴል 19፣ ወጪ ሲሆን በሞዴል 22 ይመዝገብ።

የመጽሐፍ ስጦታን እምቢ የማለት ደንብም ይኑር። ከውጭ በካርቶን ታሽጎ የመጣልን የመጀመሪያው ስጦታ ሲከፈት የሌላ አገር የግብር ሕግ፣ ጊዜው ያለፈበት የኮምፒውተር ማስተማሪያና አንድ ዓይነት መጽሐፍ በ60 ቅጂ ሆኖ አገኘነው፤ ከጉምሩክ ለማውጣትና ለማጓጓዝ ያወጣነው ገንዘብ ግን ብዙ የአማርኛ መጽሐፍ ይገዛ ነበር። ለጋሾች ዝርዝሩን አስቀድመው እንዲልኩና ኮሚሽኑ እንዲመርጥ፣ ካልሆነም በገንዘብ እንዲሰጡ በትሕትና ይጻፍላቸው።

ቤቱ፣ መደርደሪያው፣ መዝገቡ

ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን ለአንድ ነዋሪ ከ1.5 እስከ 2.5 መጽሐፍ፣ ለትንሹ የአገልግሎት ጣቢያ ደግሞ ቢያንስ 2,500 መጽሐፍ ይመክራል። 30,000 ሕዝብ ላለው ከተማ የመጀመሪያው ስሌት 45,000 መጽሐፍ ስለሚያደርስ ለጊዜው ይተውና ሁለተኛው ይያዝ። በአንድ ሜትር መደርደሪያ ላይ 35 ያህል መጽሐፍ ይቀመጣል ብንል ለ2,500 መጽሐፍ 72 ሜትር ያህል ይበቃል። ለአንድ አንባቢ 2.5 ካሬ ሜትር ይያዝ።

መደርደሪያው የብረት ይሁን፤ የታችኛው ደረጃ ከወለሉ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ጀርባው ግድግዳ አይንካ። ጣሪያው በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ ይፈተሽ። ይህን የምለው በምን ምክንያት እንደሆነ ከላይ ነግሬአለሁ።

መዝገቡን በተመለከተ፣ መጻሕፍትን በርዕሰ ጉዳያቸው በቁጥር በሚለየው በዴዊ አመዳደብ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ይውላል። ደራሲው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አይመዝገብ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ሐ» ሥር ይፈለጋል እንጂ በ«ዓ» ሥር አይፈለግም። የውጭ ሶፍትዌር ግን የአባትን ስም ስለሚያስቀድም መዝጋቢው ይጠንቀቅ። ሌላው ችግር የሞክሼ ፊደላት ነው፤ አንዱ መዝጋቢ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ከጻፈ ያው መጽሐፍ ሁለት ቦታ ይገኛል፣ ወይም ጭራሽ አይገኝም። በካርዱ ላይ ስሙ በሽፋኑ እንዳለ ይጻፍ፤ ለተራው ግን ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እንደ አንድ ፊደል ይቆጠሩ ተብሎ በአንድ ገጽ ይወሰንና በጠረጴዛው ላይ ይለጠፍ። ኮምፒውተር ካለ ኮሃ የተባለው ሶፍትዌር ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ከሌለ ጠንካራ ሽፋን ያለው ባሕር መዝገብ ይበቃል። በየትኛውም መንገድ ቢሠራ የመዝገቡ ሁለተኛ ቅጂ ከቤተ መጻሕፍቱ ውጭ ይቀመጥ፤ ጸጥታ በሚናጋበት ጊዜ መጽሐፉ ቢጠፋ እንኳ ምን እንደጠፋ ለማወቅና ለመተካት የሚቻለው በእሱ ነው።

ስብሰባ፣ ሪፖርትና ርክክብ

ኮሚሽኑ በየሁለት ወሩ፣ የተወሰነ ቀን ይዞ ይሰብሰብ፤ ቃለ ጉባኤው በዚያው ዕለት ይፈረም። ሠራተኛው በየቀኑ የገባውን አንባቢ፣ የወጣውን መጽሐፍና ተፈልጎ የታጣውን መጽሐፍ ይመዝግብ። ሦስተኛው ቁጥር ለምክር ቤት ሪፖርት ከሁለቱ ይልቅ ይጠቅማል፤ ተመራጮች ስለ አንባቢ ብዛት ሲነገራቸው ያጨበጭባሉ፣ በእነሱ ቀበሌ ልጆች ተጠይቀው የታጡ መጻሕፍት በርዕስ ሲነበቡላቸው ግን ይጠይቃሉ። ሪፖርቱ በጥርና በሰኔ ይቅረብ፤ የገቢና ወጪው ማጠቃለያ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ይለጠፍ።

በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ቤተ መጻሕፍቱ ለሦስት ቀን ተዘግቶ ቆጠራ ይካሄዳል። ከሠራተኛው ሌላ ሁለት የኮሚሽኑ አባላትና አንድ የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ይገኛሉ፤ የጎደለው፣ የተቀደደውና ለጥረዛ የሚላከው ለየብቻ ተጽፎ በአራቱም ይፈረማል። የበሩ ቁልፍ በሦስት ቅጂ ሆኖ አንዱ ለሠራተኛው፣ አንዱ ለሰብሳቢው፣ አንዱ ደግሞ በታሸገ ፖስታ ለማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ይሰጣል። ከአባላቱ ወይም ከሠራተኞቹ አንዱ ሲዛወር የመሸኛ ደብዳቤው የሚጻፍለት ቁልፉን በፊርማ ካስረከበ በኋላ ነው።